ለአንድ ሰው የተሠራ ፔዳል

ረቡዕ፣ ጥቅምት 21 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤ አጻጻፍ አልችልበትም። በስልክ ደግሞ ድምፄ ይጠፋብኛል፣ ታውቀዋለህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? ሥራው፣ የተከራየኸው ቤት ተስማማህ? እማማ ደህና ናት፤ ጉልበቴን ብቻ ትላለች። እኔም ደህና ነኝ። አባባም ደህና ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ወረቀቱን ያነሣሁት ስለ እሱ ስለሆነ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

የሞተር መዶሻው ተገዝቷል። ደስ ይበልህ። ያን ዕለት ደውለህ "ሴት ልጅ ያንን የሚያህል መዶሻ ስታነሣ ሰው ምን ይለናል? ማሽን ግዛና ልጅቷን አሳርፋት" ስትለው ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። ወናፉ አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ። እስቲ አገናኘኝ እንኳን አላልክም። ጥለኸው የሄድከውን መዶሻ ማን እንዳነሣው ትዝ ያለህ ያን ዕለት ነው፤ እሱም ስላፈርክበት። የሰፈር ልጆች "ክሬን" እንደሚሉኝ እማማ ነግራህ ይሆናል። እኔ ለምጄዋለሁ፤ አንዳንዴ ዞር እላለሁ ሲጠሩኝ።

አንተም ሠርተህበታልና ታውቃለህ፣ አባባ ሥራ ላይ አፉን አይከፍትም። የምታወራው ትንሿ መዶሻ ናት። የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ በትንሿ ነካ ያደርገዋል፤ እኔ በትልቁ እዚያው ላይ አሳርፋለሁ። ቀስ ካለ ቀስ፣ ጠንከር ካለ ጠንከር። ብረት የምንቀጠቅጥበትን መስፍ ባዶውን ሁለቴ ከመታ በቃ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ቃል የማይወጣው ሰው መስፉ ላይ ቀኑን ሙሉ ያወራኛል። "አሳርፋት" ያልከው ከዚህ ነው።

አሁን ላንተ ብቻ የምነግርህ አለ። ከክረምቱ ወዲህ ትንሿ መዶሻ ትስታለች። መጀመሪያ ጥቂት ነበር፣ ኋላ ባሰ። የብረቱን ቀለም እኔን ይጠይቀኛል፣ የሚያስተምረኝ አስመስሎ። "እህ፣ ምን መሰለ?" ይለኛል። "ብርቱካን" ስለው ከእሳቱ ያወጣዋል። ሲስት ደግሞ የነካውን ትቼ መመታት ያለበትን ቦታ እመታለሁ። ሥራው ቀጥ ብሎ ይወጣል። ደንበኞቹም "የእርስዎ እጅ እኮ አይስትም" ይሉታል። እኔ ላቤን እጠርጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት መጥረቢያ ስንሠራ ትንሿ መዶሻ የነካችው ብረቱን አልነበረም፤ የገዛ ጉጠቱን ነው፣ ከጣቶቹ ሥር። እኔ ትልቁን አንሥቼ ነበር። የወረደ መዶሻ ስለማይመለስ ወደ ጎን ጣልኩት፤ ትከሻዬን እስካሁን ያመኛል። "ምነው?" አለኝ። "ደከመኝ" አልኩት። እኔ ደከመኝ ብዬ አላውቅም። እጁን ዘርግቶ ሲያየው ቆየና መስፉን ሁለቴ መታ። በነጋታው የክት ኮቱን ለብሶ "ነይ፣ መዶሻ እንምረጥ" አለኝ።

ሻጩ ቀልደኛ ነው። "እስከዛሬ በምን ሲሠሩ ነበር?" አለው። አባባ "በልጄ" አለ። "የልጅ ሞተር ይበላል፣ ያኮርፋል፣ በመጨረሻም ያገባል፤ የእኔው ሞተር ግን መብራት ብቻ ነው የሚበላው" ብሎ ሳቀ። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ።

ሁለት መዶሻ አስነሣልን። አንደኛው ባለ ሞላ ነው፣ አሮጌ፣ ቀለሙ የተላጠ። ፔዳሉ ግን ከፊት ወደ ጎን የሚዞር ረጅም ብረት ነው፤ አንዱ ሥራውን ሲይዝ ሌላው ከጎን ቆሞ መርገጥ ይችላል። ሻጩ የክብሪት ቀፎ አስቀመጠ፣ እኔ ረገጥኩ። መዶሻው ወርዶ ቀፎውን ነካ አደረገና ተመለሰ። አልጨፈለቀውም። እንደ አባባ ትንሿ መዶሻ። ሰው ፊት ጮክ ብዬ "ይኼ ይሻላል" አልኩ፤ ማን እንደተናገረ ለራሴም ግራ ገባኝ።

ሁለተኛው በአየር የሚሠራ፣ አዲስ ነው። ፔዳሉ መዳፍ የምታህል፣ ብረቱን ከያዘው ሰው እግር ሥር ብቻ ያለች። አባባ ራሱ ቀፎ ሲያስቀምጥ ግማሹ ውጭ ቀረ። ሻጩ "ትንሽ ወደ ቀኝ፣ አባቴ" ብሎ አስተካከለለትና "ይኼኛው ለአንድ ሰው የተሠራ ነው" አለ።

"የምፈልገው አንድ ሰው ነው። ይኼን ጫኑልኝ" አለ አባባ። ወደ እኔ አላየም።

መንገድ ላይ ድንገት "የማሽን ጥሩነቱ፣ ሌሊት ተነሥቶ አያስብም" አለኝ። እኔን መንካቱ ነው ብዬ እስከ ቤት አኮረፍኩ። እማማ ደግሞ "እሰይ፣ አሁን እጅሽ ይለሰልሳል" ብላ ቅባት ሰጠችኝ። ቅባቱ እስካሁን አልተከፈተም። የአባባ ንግግር ግን ከጆሮዬ አልወጣም፤ ስጽፍልህም ይመላለስብኛል፤ ጣቱን መትቼው ቢሆን ሌሊት ሌሊት የምነሣው እኔ ነበርኩ።

መዶሻው መጥቶ ኮንክሪቱ ላይ ታስሯል። ከነገ ወዲያ ሊያስነሣው ነው፣ ብቻውን። እኔ ሲስት የት መምታት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ማሽኑ ግን የሰጡትን ይመታል፤ ብረትም ይሁን ጣት።

ስትደውል ስለ ዓይኑ እንዳታነሣበት። ምክርም አትምከረው፣ ያንተ ምክር በዚህ ቤት ቶሎ ይፈጸማል። ተቀይሜሃለሁ፤ ቢሆንም አምላክ ከክፉ ይጠብቅህ፣ የያዝከው ይባረክልህ፣ መንገድህ አንድ ቀን ወደዚህ ይዙር።

ነገ አባባ ከሰል ሊያመጣ ይሄዳል። ከአሮጌው በር የተረፈ ክብ ብረት አለ፤ ለክቼዋለሁ። አግዬ አጎብጠዋለሁ፣ ከፔዳሉም ጋር እበይደዋለሁ። ብየዳ ያስተማረኝ ራሱ ነው። ብረቱ እንደ ባለ ሞላው ዞሮ እኔ እስከምቆምበት ይመጣል። ሲመለስ ምንም አልናገርም። ዓይኑ ባያየው እግሩ ያገኘዋል።

እህትህ