ቲዩቡ ላይ የጻፍኩት

ውድ ሚካኤላ፣

በአማርኛ የጻፍኩልሽ ሆን ብዬ ነው። ከስምሽ ሌላ ፊደል እንደማታነቢ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሊልበርን ቤታችሁ ተቀምጣችሁ እናትሽ እያነበቡልሽ ነው። ይሁን፣ እሳቸውም ይስሙት።

ከላብራቶሪው ከወጣሽ ሁለት ወር ሞላሽ። "እጄ ለሳይንስ አይሆንም" ብለሽ ነው የሄድሽው። እጅሽ ምንም አልሆነም።

ቀንቼብሽ ነበር። እኔ ከደሴ ዲግሪዬን ይዤ በዲቪ አሜሪካ መጥቼ፣ ዱሉዝ ከተማ መጋዘን ውስጥ ሁለት ዓመት ካርቶን ተሸክሜ ነው የላብራቶሪ ረዳት የሆንኩት። አንቺ ገና በልጅነትሽ ዶክተር ልትባዪ ነው። ደግሞ እናት አለሽ፤ እኔ የእናቴን ቀብር በስልክ ነው ያየሁት። በየቀኑ ሁለት ምሳ ዕቃ ይዘሽ ትመጪ ነበር። አንዱ የእኔ ነው፤ በፍስክም ሁሌ የጾም ምግብ፣ የክርስቲያን ሥጋ እንደማልበላ እናትሽ እትዬ ወለተሥላሴ አይረሱማ። ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፈው "የአስማ" ብለው ይጽፉበታል። እሱን እየበላሁ ቅናቱ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

እትዬ እንዲገባቸው ሥራችንን ላስረዳ። ሱሞ ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ ሴል ውስጥ ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ እየተጣበቀ ሥራቸውን ይቆጣጠራል። እኛም አልሟሟ ብሎ የሚያስቸግር ፕሮቲን ሲገጥመን ሱሞ እናጣብቅበታለን፣ ያኔ ይገራል። ከዚያ አንድ ኢንዛይም ሱሞውን ቆርጦ ይጥለዋል፤ ዱካውም አይቀርም። ያንቺን ፕሮቲን አራት ወር ለፍቼ የገራሁት እኔ ነበርኩ። ስብሰባው ላይ ፕሮፌሰሩ ያጨበጨቡት ግን ለአንቺ ነው። ሱሞዋ እኔ ነኝ አልኩ በልቤ።

የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ከዓርብ ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ የረሳሁትን ኢንዛይም ሞቆ ተበላሽቶ አግኝቼ፣ ልጥለው "ሞቷል" ብዬ ጽፌበት ነበር። ሌሎቹ እንዳይወስዱብን ትንንሾቹ ብልቃጦቻችን፣ ቲዩቦቹ ላይ በአማርኛ ፊደል እጽፍ የለ? ከስብሰባው ስመለስ ግን ፍሪዘር ውስጥ መለስኩት።

"አስሚ፣ የኛ ኢንዛይም ይሄ ነው ኣ? ዩዝ ላድርገው?"

"አድርጊው።"

"ላይክ፣ ምንድነው የሚለው ጽሑፉ?"

"አዲስ ነው የሚለው።"

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሱሞው አልቆረጥ አለሽ። ጨው ቀየርሽ፣ ሰዓት ጨመርሽ፣ እንደገና ጀመርሽ። ፓርኪንግ ውስጥ የመኪናሽ መሪ ላይ ተደፍተሽ "ፕሮብለሙ እኔ ነኝ" ብለሽ ስታለቅሺ ሶፍት አቀበልኩሽ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሚካኤላ። እውነቱ ይሄ ነው።

ትናንት ለፕሮፌሰሩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰኞ ይደውሉልሻል፤ ስልኩን አንሺ። ያንቺ ቦታ አለ፣ የእኔን እንጃ። አዲስ ኢንዛይም ሠርቼ ፈትሼ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ። በእንግሊዝኛ ነው የጻፍኩበት።

እትዬ ወለተሥላሴ፣ እርስዎ ሰው ማሳጣት አይወዱም፤ ለእኔ ብለው አንዳንዱን ዘለውት ይሆናል። እባክዎ ተመልሰው እንዳለ ያንብቡላት። ምሳ ዕቃዎን አጥቤ ከደብዳቤው ጋር ደጃፍዎ ላይ ትቼዋለሁ። ክዳኑ ላይ ያለውን ስሜን ልልጠው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ፤ እርስዎ ይላጡት።

ወጪት ሰባሪዋ፣
አስማ