ድንበር የገፋው አበባ

ይድረስ ለሞላዬ፤

ከተለየኸን ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትህን አወጣንልህ። ቄሶቹ ፈቱህ፣ ጠላው አልጎደለም፣ ሰውም በልቶ ጠጥቶ ነፍስህን ይማር እያለ ሄደ። እኔ ግን እንግዳው እስኪወጣልኝ ጥርሴን ነክሼ ነው የዋልኩት። ተናድጄብሃለሁ። በሞተ ሰው ላይ ይናደዳሉ ወይ ትለኝ ይሆናል፤ እኔ እናደዳለሁ። ሌላው ሰው በመሬት ጠብ ይሞታል፣ በውኃ ጠብ ይሞታል። አንተ በአበባ ሞትክ።

ቤታችን ያው ነው። የጓሮው ግድግዳ በክረምቱ ተንዶ ልጅህ ጌትነት ጭቃ አቡክቶ መረገው። ጥቁሯ ላም ወለደች። ገብሱንም ብቻውን አርሶ ዘርቶታል፤ ዘንድሮ ደህና ይዟል። ትከሻው እንዳንተ ሰፍቷል፣ ከኋላው ሳየው ልቤ ይደነግጣል። ቁጣውም እንዳንተ ሆኗል፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

አበባህም አለ። መካነ ኢየሱስ ከተማ አትክልተኛ ሆነህ ስትሠራ ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለህ ይዘኸው የመጣህ ዕለት ትዝ ይልሃል? እኔ ድንች መስሎኝ ድስት ጥጄ ጠበቅኩህ። ስሙ ማን ነው ብልህ አላውቅም አልከኝ። አገሩም አላወቀውምና የሞላ አበባ ተብሎ ቀረ። ቁመቱ እስከ ወገብ፣ ቅጠሉ ቀጭን፣ ዙሪያው ሐምራዊ መሃሉ ቢጫ፣ አደይ ጠውልጋ ስታልቅ ገና እሱ የሚጀምር። የማይበላ የማይሸጥ ነገር ይተክላል እያሉ ስንቱ ሳቀብህ።

እንክብካቤህንስ! ለእኔ ያላደረግኸውን ለእሱ ታደርግ ነበር። ሰኔ ሲገባ ጫፍ ጫፉን ትቀነጥሰዋለህ፤ ቅርንጫፉ እንዲበዛና ዝናቡ እንዳያጋድመው ነው ትለኛለህ። ውኃ ሳጠጣው ከላይ ካፈሰስኩ ትቆጣኛለህ፤ ሥር ሥሩን ካልሆነ ቅጠሉን ዱቄት የመሰለ በሽታ ይይዘዋል። ኅዳር ሲያልቅ እስከ መሬት ታጭደዋለህ፤ ሥሩ አይሞትምና ለዓመቱ ራሱ ይመጣል። በየሦስት ዓመቱ ደግሞ ግንቦት ላይ ሥሩን ነቅለህ በመጥረቢያ ትሰነጥቀዋለህ። መሃሉ ያረጀ ነው፣ ጣይው፤ ልጁ ዳር ዳሩ ነው፣ እሱን ትከይ ትለኝ ነበር። እኔም እየተነጫነጭኩ እተክልልሃለሁ።

የተከልከው ግን የት ነው? እኛንና ጎረቤታችንን ባዬን በሚለየው ወሰን ላይ። ሌላው ሰው ወሰኑን በድንጋይ ሲለይ አንተ በአበባ ለየኸው፤ ሲያየው ደስ ይለዋል፣ ጠብ አያነሳም አልክ። አበባው ደግሞ ከመሬት በታች በሥሩ የሚሄድ ነው። በጊዜው ተነቅሎ ካልተሰነጠቀ ዝም ብሎ ወደ ጎን ይራመዳል። ካቻምና ግንቦት ወገብህን አሞህ ሳትነቅለው ቀረህ። ክረምቱ ወጥቶ ማበብ ሲጀምር ግማሹ ከባዬ ገብስ ውስጥ ብቅ አለ።

በእኛ አገር ድንበር የሚገፋው በማረሻ ነው። አበባው ራሱ ሄዶ ነው ብትለው ባዬ እንዴት ይመንህ? እሱ ዘወር ሲል አንተ እየነቀልክ ወደሱ የምታሻግረው መሰለው። አበባ እግር አውጥቶ መሬቴን ወሰደ ብዬ ለሽማግሌ ልንገር ወይ ብሎ ሰው ፊት ሳቀብህ። አንተ ደግሞ ሁሉን ትችላለህ፣ ሰው ሲስቅብህ ግን አትችልም።

ያን ዕለት ጧት ማጭዱን ይዞ መጣ። ገብሱን ሊያጭድ መስሎኝ ነበር። አበባህን ከእግሩ እየጨበጠ፣ ከእሱ በኩል ያለውንም ከእኛ በኩል ያለውንም ያወርደው ጀመር። ዱላህን አንስተህ ሮጥክ። ሞላ፣ ሞላ ብዬ ጮህኩ፤ ዞር ብለህም አላየኸኝ። እውነቱን እንነጋገር ሞላዬ፣ የመጀመሪያውን ዱላ ያሳረፍከው አንተ ነህ። ትከሻውን አልከው፣ ማጭዱ ከእጁ ወደቀ። ደግመህ አልከው። ከዚያ እሱም የራሱን ዱላ አነሳ። አንዴ ብቻ፣ ጭንቅላትህን። ድምፅ እንኳ ሳታሰማ ወደቅክ። ራስህን ታቅፌ ደሙ በጣቶቼ መሃል እየወረደ ስጮህ፣ ባዬም ቆሞ ከእኔ እኩል ይጮህ ነበር። ስለ ሌላው ሁሉ እጠላዋለሁ፤ ስለዚያ ጩኸቱ ግን አብልጬ እጠላዋለሁ።

አበባህን ልገድለው ነበር። ግንቦት ላይ መጥረቢያህን ይዤ ወጣሁና ሥሩን እየነቀልኩ ከተፍኩት። እጄ እስኪላጥ፣ ትንፋሼ እስኪቆረጥ ከተፍኩት። በመታሁት ቁጥር ባዬን የምመታ ይመስለኝ ነበር፤ አንዳንዴም አንተን። ቁርጥራጩን እዚያው በትኜ ገባሁ። ዝናቡ ሲመጣ ከእያንዳንዱ ቁራጭ አቆጠቆጠ። እልሄን ስወጣ ለካ ያንተን ሥራ ነው የሠራሁልህ። ሰኔ ላይ እየተራገምኩ ጫፉን ቀነጠስኩት። አሁን አብቧል፣ አንተ እያለህ እንዲህ በዝቶ አያውቅም።

ባዬ ታስሮ ነበር። ፍርዱ ሳይቋጭ ነሐሴ ላይ በዋስ ወጣና እቤቱ ገባ። ከደጃችን ሆነን ሲያስል ይሰማናል። ወዲያው ወንድምህ ስማቸው የአባታችሁን ጠመንጃ ወልውሎ አመጣና ከግድግዳችን ላይ ሰቀለው። ለጌትነት ሌላ ምንም አላለውም። ማለትም አያስፈልገውም፤ የአባቱን ደም ያልመለሰ ልጅ አርብ ገበያ መሃል አንገቱን ደፍቶ እንደሚሄድ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔ ልጄን አስቀምጬ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ መጀመሪያ ማን እንደመታ ጭምር። ስማቸው ይህን ሲሰማ የባልሽን ሬሳ ትወቅሻለሽ ወይ ብሎ ተፋብኝ። ጌትነትም ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር መነጋገር ተወ።

ከመስቀል በኋላ በነበረው አርብ ጧት ስነሳ ግድግዳው ባዶ ነው፣ ጌትነትም የለም። ባዬ ደግሞ አህያውን ጭኖ ወደ ገበያ ወርዷል። እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም። ከሸለቆው መውረጃ ላይ ደረስኩበት። ሲያየኝ ልገድለው የመጣሁ መስሎት ተንበረከከ። ቢላ ይዤ ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም ሞላዬ፣ እውነቴን ነው፣ አንገቱን ሳየው እጄ በላኝ። ተነስ አንተ ውሻ አልኩት። መቀነቴን ፈትቼ ክንዱን ከክንዴ ጋር አሰርኩት።

ጌትነት የቱ ቁጥቋጦ ሥር እንዳለ አላየሁም። ዝም ብዬ ወደ ጫካው ጮህኩ፤ በጠባኸው ጡት ይዤሃለሁ፣ እሱን ከመታህ እኔንም ምታኝ አልኩ። እናት በጡቷ ከያዘች ልጅ አያልፋትም፤ ግን አባቱን ያጣ ልጅ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል? ተኩሱ መጣ። ጥይቱ ከላያችን አለፈና ድንጋዩን ፈረከሰው። አህያው ጭነቱን ጥሎ ፈረጠጠ። ቀጥሎ የሰማሁት የልጅህን ልቅሶ ነው። አንተን ስንቀብር አላለቀሰም ነበር።

ጠመንጃውን ለስማቸው መለስኩለት፤ በሩን ዘጋብኝ። ሽማግሌዎቹ እርቁን ከጥምቀት በኋላ ቀጥረውታል። እስከዚያ ድረስ አርብ አርብ ከገዳይህ ጋር ጎን ለጎን ገበያ እወርዳለሁ፣ ጎን ለጎን እመለሳለሁ። አንነጋገርም። ሰዉ አብዳለች ይላል፣ ሌላም የሚለውን ይላል። አልታረቅኩትም፤ በእርቁ ቀንም ልቤ እሺ ይል እንደሆነ እንጃ።

እረሳሃለሁ ብለህ እንዳትሰጋ። የመታህን እጅ በየሳምንቱ አጠገቤ እያየሁ እንዴት እረሳሃለሁ? እኔ እስካለሁ ስምህ ከአፌ አይወርድም፣ ቁጣህም ደግነትህም። በእኔ ብትቀየም ግን ከጎኔ ያለውን ብቻ አትይ፤ ዞር በልና እይ። ጌትነት ራቅ ብሎ ይከተለናል፤ እጁ ባዶ ነው።

ሚስትህ ብርቄ