አባትሽ በሩን ሲከፍት

ልጄ፣ በሄድሽበት ሰው ይውደድሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴንም ቀለል ብሎኛል።

አባትሽ ሳላየው እየወጣ መንገድ ስለሚጠፋበት፣ በሩ ሲከፈት ጮሆ ወደ ጥበቃ ጣቢያ የሚደውል ማንቂያ አስገጠምኩ። ባለሙያው ደጋግሞ ሞከረውና "እማማ፣ ከእንግዲህ ሐሳብ አይግባዎት" ብሎኝ ሄደ።

ትናንት ከሰዓት ጮኸ። ጓሮ ልብስ ከማሰጣበት ሮጬ ስገባ ከጣቢያው ደውለው፣ አባትሽ ስልኩን አንስቷል። ቀና ብሎ አየኝና "የማላውቃት ሴትዮ ቤቴ ገብታለች፤ ቶሎ ድረሱልኝ!" አላቸው። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ! ስልኩን ተቀብዬ "ሚስቱ ነኝ" አልኳቸው።

እኔ ካላነሳሁ የሚደውሉበት ቁጥር ሲጠይቁኝ ያንቺን ሰጠሁ፤ አትቆጪኝ። አምላክ ክፉ ወሬ አያሰማሽ። ያንቺን ስም ገና አልረሳውም፤ ሳይረሳው ደውይለት።

እናትሽ