ደወል የመሰለው ድንጋይ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለምንይችል፤ ጁባ።

በሰው አገር ከክፉ ነገር ሁሉ የጠበቀህ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ማኪና ስትነዳ እየዋልክ የሚይዝህ ወገብህስ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ አዜብ እንዴት ናት? ልጅህ ምስጢርዬ አደገች? ሙቀቱስ ቀነሰላችሁ ወይስ እንደዚያው ይቀቅላችኋል? እኛ እመብርሃን ትመስገን፣ ሁላችንም ደኅና ነን። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፣ ቡሬዋ ላምም ወንድ ጥጃ ወልዳለች። የጎደለን አንተ ብቻ ነህ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሐምዛ ነው፣ ያ የእንፍራንዙ ጨርቅ ነጋዴ። በስልክ እንዳልነግርህ የኛን ኔትወርክ ታውቀዋለህ፤ "ሃሎ፣ ሃሎ" ስንባባል ካርዱ ያልቃል። እማዬም "በጽሑፍ ይሁን፣ ደጋግሞ ያንብበው" ብላለች። ወሬው የእማዬ ዓይን ነገር ነው። አትደንግጥ፤ ግን ከመጀመሪያው ካልነገርኩህ አይጥምልኝም።

ሞራው ሁለቱንም ዓይኗን ከሸፈነው ወዲህ እማዬ እኛን የምትለየን በኮቴያችንና በሳላችን ነበር። አንተ ስንቴ ለመንካት፣ እኔ ስንቴ አለቀስኩባት። ቄስ ኃይለ ማርያም እንኳ "ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው፤ ጠበሉንም አትተዪ፣ ሐኪሙንም አትግፊ" ብለው መክረዋት ነበር። እሷ ግን "ዓይኔ ውስጥ ስለት ከሚገባ እንደ ጨለመብኝ ልሙት" ብላ ድርቅ አለች። የእማዬ ግትርነት መቼም ለአንተ አይነገርም፤ የወረስከው አንተ ነህ።

ለገና ልጄ አንዱዓለም ከሚያስተምርበት ከአይከል መጣ። በስልኩ አንድ ፎቶ ይዞ ነበር፤ ማርስ ከምትባለው ዓለም የመጣ ነው አለን። ሰው አልደረሰባትም፤ ባለ ስድስት ጎማ ማኪና ያለ ሾፌር ልከው፣ እሷ ናት እየዞረች የምታነሳው። "ያለ ሾፌር!" ሲል አንተ ትዝ አልከኝና "ምንይችል ይህን ከሰማ እንጀራዬን ሊቀሙኝ ነው ብሎ እንቅልፍ አይወስደው" ብዬ አሳቅኋቸው። ፎቶውን ሳየው ግን ሳቁ ጠፋብኝ። አፈሩ ቀይ ነው፣ ዝናብ ሳይነካው የታረሰ ማሳ ይመስላል። ሣር የለ፣ ወፍ የለ፣ ዱካ የለ። ከመካከሉ ሁለት ረጃጅም ጠፍጣፋ ድንጋዮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ከቤተ ክርስቲያናችን ወይራ ላይ ተንጠልጥለው ዲያቆኑ በጠጠር የሚመታቸውን የድንጋይ ደወሎች አስታወስካቸው? ቁርጥ እነሱን!

አጎታችን አያ ዳኛው ስልኩን ከእጄ መንጭቀው አዩና ብድግ ብለው አማተቡ። "ደወል ነው! ደወል ካለ ደብር አለ፣ ደብር ካለ ምእመን አለ" አሉ። አንዱዓለም ነፋስ የጠረበው ድንጋይ ነው ቢላቸው "ነፋስ ምን መዶሻ አለውና ነው?" ብለው ተቆጡት። እኔ ደግሞ የፈረሰ ቤት መቃን መሰለኝ፤ መቃን ከሆነ ባለቤቶቹ የት ሄዱ ብዬ ሆዴ ባባ። በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ጎረፈ። እኩሌታው ደብሩ የሚካኤል ነው፣ እኩሌታው የጊዮርጊስ ነው እያለ ሲከራከር ዋለ። ጎረቤታችን ሐረገወይንማ ነጠላዋን አስተካክላ ስልኩን ተሳለመችው! አንዱዓለም ሊስቅ ብሎ ዓይኔን ሲያይ ተወው።

ይህ ሁሉ ሲሆን እማዬ መደቡ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። "እስቲ ንገሩኝ፣ ከምን ላይ ነው የተንጠለጠለው?" ትላለች። አንዱ እንዲህ ሲላት አንዱ ያፈርሰዋል። በመጨረሻ ጮኸችብን። "አንዱ ደወል፣ አንዷ መቃን፣ አንዱ ነፋስ ትሉኛላችሁ! ዓይን ያላችሁ እናንተ፣ ያየ ግን አንድ የለም!" አለች።

አመሻሹ ላይ አንዱዓለም ወደ ደጅ ሲያወጣት እማዬ "ያቺ ዓለም ከሰማይ ትታያለች ወይ?" አለችው። ትታያለች፣ ያቺ ቀላ ያለችው ኮከብ ናት አላት። "እንግዲያው ጣቴን ወደሷ አቅናልኝ" አለችው። እጇን ይዞ አነሳላት። ወንድሜ፣ የማታይ እናትህ ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ ቆማ ብታያት! እስኪደክማት አላወረደችውም። ከዚያ "እስከዚያ ድረስ የሚያይ ዓይን የሠራ ሰው የኔን ማዳን አያቅተውም። ጎንደር ውሰዱኝ" አለች። እኔ እልል ልበል ወይስ ላልቅስ? ሐሳቧን ሳትለውጥ ብዬ በማግሥቱ አስነሳኋት።

ከአንዱዓለም ጋር ሆነን ጎንደር አራዳ ከሚኖሩት ዘመዶቻችን ቤት አርፈን ሆስፒታል ገባን። ሐኪሟ ሞራው ስለ ቆየ ቃል አልገባም፣ ለጊዜው አንደኛውን ዓይን እንሞክር አለችን። ያን ጊዜ ልቤ ከዳኝ። ለምኜ ለምኜ ሲሆንልኝ እኔው ፈራሁ፤ ባይሳካ ምን እላታለሁ? ቀዶ ጥገናው በተደረገ በማግሥቱ ፋሻው ሲነሳ እማዬ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ ታደርግ ጀመር። አልቆልናል አልኩ። ትንሽ ቆይታ "የትነበርሽ፣ ምነው እንዲህ ያደፈ ነጠላ ለብሰሽ ከሰው ፊት ትቆሚያለሽ?" አለችኝ። እልልታዬን እዚያው አቀለጥኩት፤ ሐኪሟም ሳቀች።

ያን ፎቶ ካላየሁ አለች። ስልኩን አስጠግታ፣ አርቃ፣ ብዙ አየችው። እኛ ደወል ነው ወይስ መቃን ትላለች ብለን አፏን ስንጠብቅ፣ "ጥላ አለው" አለች። እውነትም ከድንጋዮቹ ሥር ረጅም ጥላ ተጋድሟል። ያን ያህል ስንጨቃጨቅ ማናችንም ልብ አላልነውም። "ጥላ ካለ ፀሐይ አለች። የማን ፀሐይ ናት?" አለች። አንዱዓለም "ያቺው የኛዋ ናት፣ እማማ" አላት። "ሰው በሌለበትም ትወጣለች? የሚያያት ሳይኖር፣ በየቀኑ?" አለች። ልጄም አዎ አላት። እኔም ያን ቀን በሆስፒታሉ መስኮት የገባውን ብርሃን እንደ አዲስ ነገር ቆሜ አየሁት። ድንጋዩስ ምን ይሆን ስላት "እንጃ፤ የሠራው ያውቃል" አለች።

አሁን ቤታችን ነን። ዶሮዎቹን ትቆጣለች፣ የቤቴን የሸረሪት ድር ታጋልጣለች፣ ዕረፍት የለኝም። ተመስገን ነው።

አያ ዳኛው ደወል ነው ከማለት አልተመለሱም፤ በጣም ናፍቀውሃል፣ ሰላም ይሉሃል። አንዱዓለም ጉልበት ይስማል። ሐረገወይንም "ሰላም በይልኝ" ብላለች። አዜብን ከነቤተሰቧ ሰላም በልልኝ፣ ምስጢርዬን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ።

እማዬ ደግሞ ከጎንደር እንደ ተመለስን ያንተን ፎቶ አምጪ አለችኝ። ያለኝ ከአገር ስትወጣ የተነሳኸው ነው። አየችውና "ይህንማ አውቀዋለሁ፤ የዛሬውን አምጪ" አለች። ምን ልበላት? አታይም ብሎ መላክ ትቷል አልኳት። ፎቶውን መልሳ ሰጠችኝና፣ ቃሉን ሳትለውጪ ጻፊ ብላ ያዘዘችኝ ይህ ነው፦ "ሰው ከሌለበት ዓለም የድንጋይ ፎቶ ደርሶኛል። ጁባ ከዚያ ይርቃል ወይ?"

እህትህ የትነበርሽ
እንፍራንዝ፣ ጥር 25 ቀን 2015 ዓ.ም.