ዘይቱ ሳይሞቅ

ውድ እታለም፣

ስልክ ብደውል እንደማታነሺው አውቃለሁ። ደብዳቤን ግን ልቅደደው ብትዪ እንኳ መጀመሪያ ዓይንሽን ጣል ሳታደርጊበት አይቀርም፤ አመልሽን አውቀዋለሁ።

ስለዚያች ትነጂያት ስለነበረችው የኳስ ሜዳው ሳር ማጨጃ ልንገርሽ። ከሰዓት በኋላ በሜዳው ዳር ባለው ዳገት ላይ የቀኝ ጎማዋ ይከዳኛል እያልሽ አንድ ወር ሙሉ ስትነግሪኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሹፌር ደግሞ መካኒክን ሊያስተምር ነው ወይ፣ እል ነበር በልቤ። አንዳንዴም በአፌ። አጥሩን ጥሰሽ በወረድሽ ማግስት የሜዳው ኃላፊ ጥፋቱ የማሽኑ ነው ወይስ የሷ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ጠዋት፣ ገና ሥራ ሳይጀመር፣ የዘይት ፍሰት መለኪያውን ዘይት እየገፋ የቀኙን ጎማ የሚያዞረው ፓምፕ ላይ ገጠምኩ። አጠገቤ ቆመሽ ነበር።

«ወንድሜ፣ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት አስነሥተህ አቆያት። ስትሞቅ ነው የምትለግመው» አልሽኝ።

ይህን ማንም ጀማሪ ያውቀዋል። ዘይት ሲቀዘቅዝ ወፍራም ነው፤ ያረጀ ፓምፕ ውስጥ እንኳ በቀላሉ አያፈተልክም፣ የመለኪያው መርፌም ደህና ቁጥር ያሳያል። ጉዱ የሚወጣው ሲሞቅ ነው። ግን ኃላፊው ሰዓቱን እያየ ቆሟል፤ እኔም በፊቱ እህቱ ታዘዋለች እንዳልባል ሞተሩን አስነሥቼ ወዲያው ለካሁ። ፓምፑ ጭነት እንዲሰማው የመለኪያውን ቫልቭ ሳጠብቀው መርፌው ንቅንቅ አላለም። ፓምፑ ደህና ነው ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ከማሽኑ አውርደው መጥረጊያ ሰጡሽ። በሁለተኛው ሳምንት ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ።

ባለፈው ማክሰኞ አዲሱ ሹፌር መጣ። ስሙን እንኳ በቅጡ አልያዝኩትም። ከሰዓት በኋላ ዳገት ላይ የቀኙ ጎማ ይደክማል አለኝ። እታለም፣ ወዲያው አመንኩት። ሞተሩን አስነሥቼ ዘይቱ እስኪሞቅ ጠብቄ ለካሁ፤ ቫልቩን ሳጠብቀው የቀኙ ፍሰት በግማሽ ወረደ። ወር ሙሉ ካንቺ ያልሰማሁትን ከማላውቀው ሰው በአንድ ቃል ሰማሁ። ከሁሉ ያሳፈረኝ ይሄ ነው።

ኃላፊው ዘንድ ሄጄ ጥፋቱ ያንቺ እንዳልነበረ፣ የፈተሽኩትም ሳላሞቅ እንደሆነ ነገርኩት፤ በጽሑፍም ሰጠሁት። ከፈለገች ቦታዋ ክፍት ነው ብሏል። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ተመለሺ አልልሽም።

ፓምፑን ከመፍታቴ በፊት እንደሞቀች ራሴ ይዣት ወጣሁ። አንቺ የምትዪው ቦታ ላይ የቀኙ ጎማ ለቀቀ፣ አፍንጫዋንም ወደ አጥሩ አዞረች። ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ወርጄም ሳሩ ላይ ተቀመጥኩ። አንቺ ወር ሙሉ በየቀኑ ወጥተሽባታል።

ያን ቀን የአጥሩን ድምፅ ሰምቼ ከጋራዡ ሮጬ ስመጣ፣ ተንበርክኬ ያየሁት የማሽኑን ምላጭ ነበር። አንቺ ክንድሽን ይዘሽ ቆመሻል። ምላጩ ደህና መሆኑን ካየሁ በኋላ ቀና ብዬ ያልኩሽ፣ ቀስ ብለሽ ብትነጂ ምን ነበር፣ ነው።

በጣም ዘግይቻለሁ፤ ግን ልጠይቅሽ። ክንድሽ እንዴት ሆነ?

ታናሽ ወንድምሽ