ያለ እኔ የተቀረጸው ሰደፍ

ሃርላን ፎልስ፣ ኒው ዮርክ
እሑድ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2023

ለምወድሽ እኅቴ ለኖሪን፤

እንዴት ሰነበትሽ? እናንተ ጋ ካሮላይና ገና ሙቀት ነው ይላሉ። እዚህ ሐሙስ ዕለት የመጀመሪያው በረዶ ጣለ፤ ሳይቆይ ቀልጦ ጓሮውን ጭቃ አደረገው። የአባባ ቤት ጣራ ዘንድሮም ችሏል። እኔም ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትይ ይሆናል። በስልክ ብጀምረው ድምፅሽን ስሰማ ወሬ እንደምቀይር አውቃለሁ። ባለፈው ጊዜ ያደረግሁትም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ቁጭ በይና እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ከዚያ ተቆጪ።

የጠመንጃ ፋብሪካው ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አዲሱ ኩባንያ የታልኮትን ስም፣ ንድፉንና ማሽኖቹን ገዝቶ ወደ ደቡብ ሲያግዝ መንገድ ዳር ቆመን የጭነት መኪኖቹን ስንቆጥር ትዝ ይልሻል። ያኔ እኔ፣ «ስሙን ፕላስቲክ ላይ አትመው ይሸጡታል እንጂ ሠላሳ ስድስት ቁጥሩ ጠመንጃማ ሞቷል» አልኩ። ሁሉም ተስማማ። ጁን ላይ ግን የአዳኞች መጽሔት መጣ፤ ሠላሳ ስድስቱ ተመልሷል፣ ሰደፉም እንደ ድሮው የዋልነት እንጨት ነው፣ እጅ እንዳያሟልጭ የሚደረግበት ፍርግርግም በእጅ ይቀረጻል ይላል። ከጽሑፉ በላይ አንቺ አለሽ። መነጽርሽን ግንባርሽ ላይ ሰቅለሽ፣ መቅረጫሽን ይዘሽ። ከሥር፣ «ሥራውን የምታውቀው የመጨረሻዋ እጅ» ይላል።

የመጨረሻዋ!

የቄሱ ሚስት ገጹን ቀድዳ የቤተ ክርስቲያኑ ሰሌዳ ላይ ለጠፈችው። ዓርብ ዓርብ እሳት አደጋ ጣቢያው ዓሣ ሲጠበስ ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ በእኅትሽ አልኮራሽም?» ይሉኛል። በጣም ኮርቻለሁ እላለሁ፤ ዓሣዬን ሳልጨርስ እነሣለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ መቅረጫውን እንደ ማንኪያ ጨብጠሽ አጠገቤ ስትቀመጪ አንዳቸውም አላዩም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የቀረጽሽውን ሁሉ ተቆጣጣሪው ሳይመጣ እኔ እንደማስተካክልልሽ ማን ያውቃል? ሰሌዳው ላይ ይህ የለም።

ቅናት ነው። ክረምቱ እየገባ ስለሆነ ነው፣ ብቸኝነት ነው፣ ዕድሜ ነው እያልኩ ሌላ ስም ላወጣለት ሞክሬ ነበር። ሌላ ስም የለውም።

ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ሉዌል በርዲክ የአደን ዕቃ ሱቅ ስድስት ጠመንጃ ገባ። ስድስቱም ቀድሞ የገዢ ስም የተጻፈባቸው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ሄድኩ። አንዱን አንሥቼ መስኮቱ ጋ ወሰድኩት፤ ማጉያዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ምን እንደምፈልግ አውቃለሁ። አንቺ በግራ በኩል ወደ ታች ስትወርጂ ትቸኩያለሽ፣ መስመሩም ከድንበሩ ፀጉር ታህል ያልፋል። ሃያ ዓመት ነግሬሻለሁ። እሱን አየሁ፤ የለም። ገልብጬ አየሁ፤ የለም። ሌላውን አነሣሁ፤ የለም። እያንዳንዷ ነጥብ ሹል፣ እያንዳንዱ መስመር ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ጥልቀት። የራሴን ሥራ አውቀዋለሁ፣ ኖሪን። እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም።

ማጉያዬን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩት።

ሉዌል ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ እጁን እየጠረገ፣ «እህ፣ እንዴት አገኘሽው?» አለኝ። ባለ ላሞቹ ዴልማር ቮይት አጠገቤ ቆሟል። የአባቱ ሠላሳ ስድስት ለታላቅ ወንድሙ ስለደረሰ ዕድሜውን ሙሉ የራሱን ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። የራሱን አሁን ገና አግኝቶ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። አፌን ይጠብቃል።

«ማሽን ነው» አልኩ። «ጥልቀት የለውም። ዝናብ ሲነካው ከእጃችሁ ይሙለጨለጫል።»

«ኖሪን ናት እኮ የቀረጸችው» አለ ሉዌል።

«ኖሪን ፎቶ ተነሣች። ፎቶ መነሣትና መቅረጽ ለየቅል ነው።»

ዴልማር ሰደፉን አንድ ጊዜ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ጠመንጃውን ቀስ ብሎ ባንኮኒው ላይ አስተኛውና፣ «እንግዲህ ግሌንዳ ካለች አለች ነው» ብሎ ኮፍያውን አጥልቆ ወጣ። እውነቱን ልንገርሽ፤ እየተደሰትኩ ነው ቤቴ የሄድኩት። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ነገሩ እዚያ የሚቀር መስሎኝ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከስድስቱ ገዢዎች አራቱ ሐሳባቸውን ለወጡ። ሉዌል ምስኪኑ አራቱን ጠመንጃ አሽጎ ከደብዳቤ ጋር ወደ እናንተ ፋብሪካ መለሰ። «ሠሪዋን ያስተማረቻት ሴት ራሷ አይታ ጥልቀት የለውም ብላለች» ብሎ ጻፈ። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከዚያ የዛሬ ሁለት እሑድ ደወልሽልኝ። ከወንበርሽ አንሥተው ማሸጊያ ክፍል እንዳስገቡሽ፣ ሥራሽ እስኪመረመር መቅረጫ እንዳትነኪ እንደተባልሽ እያለቀስሽ ነገርሽኝ። «ከአገራችን አንድ ሰው ሥራዬን አጣጥሎት ነው አሉ፤ ማን ይመስልሻል እታለም?» አልሽኝ።

እኔ ሾርባዬን እያማሰልኩ፣ «ሰው ምን የማይለው አለ» አልኩሽ። ራት በልተሽ እንደሆነም ጠየቅሁሽ።

ያ ሰው እኔ ነኝ፣ ኖሪን።

ሌላም አለ። ኤፕሪል ላይ አለቃችሁ ፔሪ መጀመሪያ የደወለው ለእኔ ነው። የድሮ መዝገብ ውስጥ ስሜን አግኝቶ፣ የመጀመሪያዎቹን ሺህ ሰደፎች እንድቀርጽለትና ልጆች እንዳስተምርለት ለመነኝ። አንድ ሳምንት ስጠኝ አልኩት። በማግስቱ ምድር ቤት ወርጄ ቁራጭ ዋልነትና አሮጌውን መቅረጫዬን አወጣሁ። የመጀመሪያው መስመር ሁለት ጣት ያህል ቀጥ ብሎ ሄደና እንደ ሰካራም መንገዱን ሳተ። መብራት ጨመርኩ። ክንዴን በጠረጴዛው ደገፍኩ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ከዚያ እንጨቱን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ዶክተሩ ዩቲካ ከተማ ወዳለ አንድ ስፔሻሊስት የሚልከኝ ወረቀት ጽፎልኛል፤ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ነው።

ለፔሪ ግን ይህን አላልኩትም። «የተውኩትን ሥራ መልሼ አልነካም» አልኩት፤ በኩራት። ከዚያ ያንቺን ቁጥር ሰጠሁት። «እሷ ትበቃችኋለች» አልኩ። እንዴት ባለ ድምፅ እንዳልኩት ብትሰሚ ኖሮ ይቅርታ አታደርጊልኝም ነበር።

ሙሉውን በጋ ይህቺን ነገር እንደ ድንጋይ በእጄ ይዤ ከረምኩ። አንድ ቀን ጉራ ስትነፊ እወረውርባታለሁ፣ ሁለተኛ እንደሆነች እነግራታለሁ እያልኩ። አንቺ ግን አንድ ቀን እንኳ ጉራ አልነፋሽም። እሱ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ ሾርባውን ደፋሁት። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም ማለት ይቻላል። ከትናንት ወዲያ ዓርብ ወጣሁ። የአጋዘን አደን የሚከፈትበት ዋዜማ ስለሆነ ሉዌል ሱቅ ሰው በሰው ላይ ነበር፤ ፈቃድ የሚያወጣው፣ ጥይት የሚገዛው፣ ብርቱካናማ ኮፍያ የሚለካው። አንድ ሰው ብቻ ሲኖር እነግረዋለሁ ብዬ በር ላይ ጥቂት ጠበቅሁ። ከዚያ የተናገርኩት ሰው ፊት ነው፤ የምመልሰውም ሰው ፊት ነው አልኩና ገባሁ። ዴልማርም ነበር። የወንድሙን ጠመንጃ ለመዋስ ሽማግሌ ልኮ ጥይት ሊገዛ መጥቷል።

«ሉዌል፣ ያልኩህ ውሸት ነው» አልኩ። «ሰደፉ እንከን የለውም። ከእኔ ሥራ ይበልጣል። ቀንቼ ነው።»

ሉዌል ቀይ ሆነ። «ግሌንዳ፣ እኔ እኮ በአንቺ ቃል ነው የጻፍኩት። ስንቱን ደጅ ጠንቼ ያመጣሁትን ዕቃ መለስኩ። የሴትየዋን እንጀራ ነው የነካነው» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ለምን?» አለ ዴልማር። አልተቆጣም፤ ሊገባው ፈልጎ ነው። «ሠላሳ ዓመት የእኛን ሁሉ ጠመንጃ የቀረጽሽ አንቺ ነሽ። አንቺ በማን ትቀኛለሽ?»

እጄን አወጣሁና ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁለት። መንቀጥቀጡን ለመቆጣጠር አልሞከርኩም። ሁሉም አየው። ዴልማር ትንሽ አየውና ኮፍያውን አወለቀ። ሰው ሲሞት እንደሚያደርገው። ያን ጊዜ ብቻ ማልቀስ አማረኝ፤ ግን አላለቀስኩም።

ሉዌል ስልኩን ወደ እኔ ገፋው። ለፔሪ እዚያው፣ ሁሉም እየሰማ ደወልኩ። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ቢሆንም የቻልኩትን ያህል አሸሁት። የኤፕሪሉንም፣ የእጄንም፣ የሱቁንም ነገርኩት።

«ወይዘሮ ግሌንዳ፣ ሰደፎቹን መርምረን ጨርሰናል፤ እንከን አላገኘንባቸውም» አለኝ ፔሪ። «ኖሪን ሰኞ ወደ ወንበሯ ትመለሳለች። ማን እንዳለው ያልነገርናት ከእርስዎ አፍ ብትሰማው ይሻላል ብለን ነው።»

ከዚያ የነገረኝን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን አላውቅም ነበር። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ፣ «እኔ መቅረጽ እንጂ ማስተማር አልችልም፤ የምታስተምር እኅቴ ናት» እያልሽ ስትጨቀጭቂው ከርመሻል። መጽሔቱም የመጨረሻዋ እጅ ብሎ ሲጽፍ ተጣልተሻቸዋል። አሁን ሁለት ጀማሪ ሴቶች ገብተዋል። ክረምቱን መጥቼ፣ በእጄ ባይሆን በአፌና በዓይኔ እንዳሠለጥናቸው ጠየቀኝ።

ይህን ስሰማ አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ሙሉውን እጽፋለሁ ብያለሁና፣ ወዲያው ቀጥሎ የመጣብኝን ስሜት ብደብቅሽ ይህ ደብዳቤም ውሸት ይሆናል፤ «ለጋስ መሆን አይከብዳትም፤ እጁ ያለው እሷ ጋ ነው» አልኩ በልቤ። አየሽ? በዚያች ደቂቃ እንኳ።

ለፔሪ እሺም እምቢም አላልኩትም። እኅቴን ልጠይቅ አልኩት። ስለዚህ እየጠየቅሁሽ ነው። የምታድሪበት ቤት ለሁለት እንደማይጠብ አውቃለሁ፤ እሱን አይደለም የምጠይቅሽ። አጠገብሽ ቆሜ ስትቀርጪ ማየት እችል እንደሆነ እኔም አላውቅም። አንዳንድ ቀን ፊቴ ይጠቁር ይሆናል። ያን ቀን ምን ሆንሽ ብለሽ አትለምኚኝ፤ ሥራሽን ቀጥዪ። አልፈልግሽም ካልሽም ይገባኛል። አንዱ ልቤ እምቢ ብትይ ይወዳል፤ ቢያንስ ተቀይሜ የምቀመጥበት ምክንያት ይኖረኛል። ሌላው ልቤ ግን ሻንጣውን ከቆጥ አውርዶ አልጋው ላይ ከፍቶታል።

ሉዌል አራቱ ጠመንጃዎች እንዲመለሱለት ጽፏል። ለእኔ ሰላምታ አይሰጠኝም፤ ይገባኛል። ዴልማር ትናንት በአዲሱ ሳይሆን በወንድሙ ጠመንጃ ወጥቶ ምንም ሳይመታ ተመለሰ። አዲሱን እስከሚያገኝ ቢጠብቅ አይከፋውም አለኝ፤ አንቺንም ሰላም በይልኝ ብሏል።

ይህ ሲደርስሽ ወደ ወንበርሽ ተመልሰሻል፤ መብራቱን በግራሽ አድርጊው። ዓይንሽን ብርሃን አይንሣው፤ ክንድሽን ያጽናልሽ፤ የእኔንም ክፉ ቃል ከላይሽ ያንሣልሽ። መልስሽ እስኪመጣ ፖስተኛውን መስኮት ላይ ሆኜ እጠብቃለሁ።

«አስተማሪሽ» ብዬ ልፈርም ነበር፤ ተውኩት።

እኅትሽ፣
ግሌንዳ