ማህተሙ ላስቲኩ ላይ ስለቀረው የልጄ የልደት ወረቀት

ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሀገራችን ቆንስላ የሰነድ ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ
ጅቡቲ ከተማ

ጉዳዩ፦ መስኮቱ ላይ ጥዬው የሄድኩት የልጄ ወረቀት ፎርጅድ ስላልሆነ ለፖሊስ እንዳይሰጥብኝ ስለመለመን

ክቡር ኃላፊ፣ ስሜ አበሩ ጸሐዬ ነው፣ ሀራሙስ ሰፈር አንዲት የውጭ ሀገር መዳም ቤት በሠራተኝነት ነው የምሠራው። ትላንት ጠዋት ሕፃን አዝላ መስኮቱ ጋ ቆማ የነበረችውና ወረቀቷን ጥላ የሮጠችው እኔ ነኝ። የሮጥኩት ጥፋት ኖሮብኝ አይደለም፣ ፈርቼ ነው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ስለሆነ አጻጻፌን ይቅር ይበሉኝና እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

1. ልጄ ሰብሊ የተወለደችው እዚሁ ጅቡቲ ነው። አባቷ ባንቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደብ ይመላለሳል። አሁን መዳም ጠቅልላ ወደ ሀገሯ ልትሄድ ነው፣ ቤቱም ይዘጋል፣ ሌላ ቤት ስጠይቅ ደግሞ ልጅ ያላት ሠራተኛ አንፈልግም ይሉኛል፣ ስለዚህ ባንቴ አዋሽ እናቱ ጋ ሊያደርስልኝ ሰብሊን ጋቢና አስቀምጧት ሄዶ ነበር። ድንበሩ ጋ ጋላፊ ኬላ ላይ የማን ልጅ ናት አሉት፣ የኔ ናት አለ፣ ወረቀቷስ አሉት፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈውን የልደት ወረቀቷን ሲያሳያቸው የሁለቱም ሀገር ማህተም ካላረፈበት አይሠራም ብለው መለሱት። የሰው ልጅ የሰረቀ መስሎ ነው የተመለሰው። ሰብሊ ግን መኪና ስለምትወድ እየሳቀች ነው ቤት የገባችው።

2. ከዚያ ሮጬ ሄጄ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ያለው ቢሮ የጅቡቲን ውጭ ጉዳይ ማህተም አስመታሁ። የቀረኝ የእናንተ ብቻ ነበር። ግን የዚህን ሀገር ሙቀት ያውቁታል፣ ወረቀት ደረቴ ውስጥ ስይዝ በላብ ይርሳል፣ ቀለሙ እንዳይለቅ ሰጋሁ። እኛ ሰፈር ዋጋ ያለው ወረቀት ሁሉ ላስቲክ ይለብሳል፣ የእናቴ መታወቂያም የወንድሜ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬትም እንደዚያ ነው። እኔም እዚሁ ጅቡቲ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ላስቲክ አስለበስኩት። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

3. ይዤው ስመጣ መስኮቱ ላይ የሚሠሩት አቶ ፀጋው፣ ክፉ አልተናገሩኝም፣ "እህቴ፣ ላስቲክ ላይ እኮ ማህተም አይይዝም፣ አንሥተሽው ነይ" አሉኝ። አንሺው ስላሉኝ አነሣሁት። የመዳምን ልብስ በምተኩስበት ካውያ አሙቄ ከጥጉ ስስበው መጀመሪያ እሺ አለኝ፣ ከዚያ የወረቀቱ ቆዳ አብሮ ተላጠ፣ የማህተሙ ግማሽ ላስቲኩ ላይ ቀረ፣ እናት በሚለው ቦታ ያለው ስሜም መጨረሻው አብሮ ሄደ። የተረፈውን ይዤ ትላንት መጣሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ።

4. አቶ ፀጋው አዩትና "ይሄን ማን ፋቀው?" አሉኝ። ከኋላቸው ላሉት ሰው አሳዩአቸው፣ ሰውዬው "ፎርጅድ ሳይሆን አይቀርም፣ ልጅቷስ የሷ ናት? ፖሊስ ይጠየቅ" አሉ። ከዚያ በኋላ እግሬ ነው የወሰደኝ። ወረቀቱን መተዌን ያወቅኩት ቤት ገብቼ ነው። ልጄ የኔ መሆኗን የሚናገር ሌላ ወረቀት የለኝም። ቢይዙኝ ምን አሳያለሁ፣ እናቷ መሆኔ እንዲታይ እንዳላጠባት ጡት እንኳ ጥላለች።

ክቡር ኃላፊ፣ ላስቲኩን አልጣልኩትም፣ ከዚህ ማመልከቻ ጋር ልኬዋለሁ። እርስዎ ጋ ያለው ወረቀት ላይ ቢያስቀምጡት ክቡ ማህተም ይገጥማል፣ የስሜም ፊደል ይሞላል። እሱን ካዩ በኋላ ወረቀቱ በላስቲክ መበላሸቱን ጠቅሰው ወረቀቱን ላወጣልኝ ለጅቡቲ ማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ እለምናለሁ፣ ዛሬ ሄጄ ስጠይቃቸው ደብዳቤ ካመጣሁ ሌላ እንደሚያወጡልኝ ነግረውኛል። አዲሱን ምንም አላስለብሰውም፣ እንዳለ ነው የማመጣልዎ። መዳም ከመሄዷ በፊት ከሆነልኝ ባንቴ በሚቀጥለው ጭነቱ ይወስዳታል።

ይህን የምታደርስልዎ ሊሊ የጎረቤት ቤት ሠራተኛ ናት፣ በነገሩ የለችበትም፣ እሷን እንዳይይዙብኝ። ላስቲኩን ገጥመው አይተው ፖሊስ የማይጠሩ ከሆነ ለሷ ይንገሯት። እኔ ሰብሊን አዝዬ ከመንገዱ ማዶ ቆሜያለሁ፣ ሊሊ በእጇ ከጠራችኝ እሻገራለሁ።

ከሰላምታና ከልመና ጋር

አበሩ ጸሐዬ
የሰብሊ ባንቴ እናት
(ፊርማ)